ሦስት በሁለት ላይ፦ ቴምፖና ቅኝት ከምን አለሽ ተራ እስከ ዲጄው ጠረጴዛ

በአዲስ አበባ፣ በአዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ፣ በመርካቶ ገበያ ውስጥ፣ ምን አለሽ ተራ ወደሚባለው ሰፈር በማለዳ የሚገባ ሰው ዐይኑ ገና ዕቃውን ሳይለይ ጆሮው ሥራውን ይጀምራል፤ በርሜል ተሰንጥቆ ሲዘረጋ፣ ቆርቆሮ ለከሰል ምድጃ ሲታጠፍ፣ የጎበጠ ፌሮ በመዶሻ ሲቀና፣ ድምፁ ከጣራ ጣራ እየተቀባበለ አካባቢውን ሁሉ ይሞላዋል። አብዛኛው መንገደኛ ይህን ጫጫታ ብሎ ያልፈዋል። ጥቂት ቆሞ ለሚያዳምጥ ሰው ግን በጫጫታው ውስጥ ቍጥር አለ፤ የቍጥሩም መገናኘትና መለያየት፣ በዚህ ጽሑፍ ልናወሳው የተነሣነውን የዲጄዎች ጥበብ፣ ይኸውም አንዱን ትራክ ከሌላው ጋር በቴምፖና በኪ፣ ማለትም በምት ፍጥነትና በድምፅ ቤት፣ አዋሕዶ ጭፈራው ሳይቋረጥ ማስኬድን፣ በዐይን እንደሚታይ አድርጎ ያስረዳል።

አንድ በርሜል ለሁለት ተከፍሎ፣ ግማሹ በአንድ ሽማግሌ ባለሙያ ፊት፣ ግማሹ በተማሪያቸው ፊት ተደፍቷል። ሽማግሌው መዶሻውን ከትከሻቸው ሳይሆን ከእጃቸው አንጓ እያነሡ ይጥሉታል፤ ምታቸው አይፈጥንም፤ አይዘገይም። ወጣቱ ግን ሙሉ ክንዱን ስለሚያነሣ ቶሎ ይደክማል፤ ድካሙንም ለመሸፈን ይፈጥናል። ከአጠገባቸው የተቀደደ ስፒከሩን አቅፎ ከጠጋኙ ዘንድ ተራውን የሚጠብቅ አንድ የምሽት ክበብ ዲጄ ቆሟል፤ በአውራ ጣቱ የስልኩን መስተዋት ከመዶሻው ጋር እኩል መታ መታ ያደርጋል፤ ስልኩም ምቱን ቈጥሮ በደቂቃ ስንት እንደሚሆን ይነግረዋል።

«ጋሼ፣ እርስዎ 112 ነዎት፤ እሱ ግን 114 ነው» አለ።

«ምኑ ነው 112?»

«በደቂቃ የሚመቱት።»

ሽማግሌው መዶሻቸውን ሳያቆሙ፣ «እሱ ገና ልጅ ነው፤ ይቸኩላል» ብለው ወደ በርሜላቸው አጎነበሱ።

በደቂቃ የሁለት ምት ልዩነት ከቍጥር የማይገባ ኢምንት ነገር ይመስላል። ነገር ግን ሁለቱ መዶሻዎች አንድ ጊዜ በአንድነት ካረፉ በኋላ ቀስ በቀስ ይለያያሉ፤ በመጀመሪያ አንድ ወፍራም ምት የተሰማ ይመስላል፣ ቀጥሎ ምቱ ጥንድ ይሆናል፣ 15 ሰከንድ ሲሞላ አንዱ በሌላው መካከል በትክክል ይወድቃል፣ 30 ሰከንድ ሲሞላም ዳግመኛ ይገናኛሉ። የሰው እጅ እንደ መኪና የጸና ስላልሆነ ሂሳቡ በሽማግሌውና በተማሪው ዘንድ በምልዓት አይፈጸምም እንጂ፣ የሚሰማው ነገር ይህ ነው፤ ዲጄም ሌሊቱን ሁሉ የሚታገለው ከዚሁ ጋር ነው።

ሰፈሩ ለድምፅ ሥራ ባዕድ አይደለም። መርካቶ በኢጣሊያ ወረራ ዘመን የአገሬው ገበያ ከአራዳ ተነሥቶ ወደ ምዕራብ እንዲሄድ በተደረገ ጊዜ የተቆረቆረ ነው፤ ከዚያ ወዲህ በየተራው ሲከፋፈል፣ ምን አለሽ ተራ የአሮጌ ዕቃ ሁሉ መጨረሻና መጀመሪያ ሆኗል። ቆራሌው በየመንደሩ እየዞረ የሚገዛው፣ ልዋጭ ባዩ በሳፋና በጆክ የሚለውጠው፣ ከመሥሪያ ቤት መጋዘን ተጠርጎ የሚወጣው ዕቃ ወደዚህ ይጎርፋል፤ ጎማው በረባሶ፣ በርሜሉ ምድጃ ይሆናል፤ ከተበተነ ራዲዮና ቴፕ ውስጥ ደግሞ ማግኔቱ፣ ሽቦውና ስፒከሩ ተለቅሞ ሌላ ዕድሜ ያገኛል። በከተማው ውስጥ ድምፅ የሚያወጣ ዕቃ ሁሉ አንድ ቀን በዚህ ያልፋል ቢባል ከእውነቱ የራቀ አይደለም።

ወደ ሂሳቡ እንመለስ። ቴክ ሃውስ የሚባለው የዳንስ ሙዚቃ ብዙውን ጊዜ በደቂቃ ከ122 እስከ 128 ምት ይሄዳል፤ ኪክ የሚባለው ከባዱ ከበሮ በእያንዳንዱ ምት ላይ ሳያቋርጥ ይወርዳል። ቴምፖው 125 በሆነ ጊዜ ከአንዱ ኪክ እስከ ሌላው ያለው ጊዜ 0.48 ሰከንድ ነው። አራቱ ምት አንድ ባር ሲሆን፣ የዘፈኑ ደራሲ ድምፆችን የሚያስገባውና የሚያስወጣው በ8፣ በ16 ወይም በ32 ባር ስለሆነ፣ የ32 ባር ምዕራፍ አንድ ደቂቃ ከአንድ ሰከንድ ተኩል ገደማ ይፈጃል። ከአንዱ ትራክ ወደ ሌላው የሚደረገው ሽግግር ይህን ያህል ጊዜ ሊወስድ ይችላል። እንግዲህ አንዱ ትራክ 125፣ ሌላው 126 ቢሆን፣ በአንድነት የጀመሩት ኪኮች ሽግግሩ ሳይጋመስ፣ በ30ኛው ሰከንድ ላይ፣ አንዱ በሌላው መካከል ይወድቃሉ፤ ጨፋሪውም ምክንያቱን ሳያውቅ እግሩ ይሰናከላል።

ይህን ጉድለት በእጅ ማረም የቻሉት ሰዎች ታሪክ ረጅም አይደለም። በኒው ዮርክ ከተማ፣ ሳንክቹሪ በሚባለው ክበብ፣ ፍራንሲስ ግራሶ የተባለው ዲጄ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻና በ1970ዎቹ መባቻ ሁለት ሸክላዎችን በማዳመጫ እያነጻጸረ ምታቸውን አስማምቶ በማጫወት ታወቀ። በ1972 ቴክኒክስ ኤስኤል 1200 የተባለው የሸክላ ማጫወቻ ወጣ፤ ሰባት ዓመት ቈይቶ በ1979 የተሻሻለው ማርክ 2 ደግሞ ፍጥነቱን እስከ 8 በመቶ ከፍና ዝቅ የሚያደርግ ተንሸራታች እጀታ ይዞ መጣ፤ በዓለም ያሉ የብዙ ዲጄዎች እጅ የተገራው በዚህ እጀታ ላይ ነው። ሃውስ የሚባለው የዳንስ ሙዚቃ ቺካጎ ውስጥ፣ በ1977 በተከፈተውና ፍራንኪ ናክልስ ባጫወተበት ዌርሃውስ ክበብ አካባቢ አደገ፤ ቴክኖ የሚባለው ደግሞ በዲትሮይት በኋን አትኪንስ፣ በዴሪክ ሜይና በኬቪን ሳንደርሰን እጅ ቅርጽ ያዘ፤ ሁለቱ ባሕርያት በ1990ዎቹ አጋማሽ በለንደን ሲዋሐዱ ቴክ ሃውስ የሚለው ስም ተሰጣቸው። ሚስተር ሲ የተባለው ዲጄ ከባልደረባው ጋር በ1995 የከፈተው ዚ ኤንድ የተባለው የለንደን ክበብ ከዋና ዋና መጠጊያዎቹ አንዱ ነበረ።

ዛሬ ሲንክ የሚባለውን ቁልፍ መጫን ብቻ ሁለቱን ትራኮች በቅጽበት ያስማማል። ይህን እንደ ነውር የሚቈጥሩ አሉ፤ እኔ ግን አልቈጥረውም። ነገር ግን ቁልፉ የሚታዘዘው ኮምፒዩተሩ በዘፈኑ ላይ ያሰመረውን የምት መስመር ነው፤ መስመሩ ከተሳሳተ መኪናው በፍጹም ትክክለኛነት ይሳሳታል። ሰው ከበሮውን በእጁ የመታበት ዘፈን ደግሞ፣ በተለይ ያገራችን የቆየ ዘፈን፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድ ቴምፖ የለውም፤ ድምፃዊው ሲሞቅ ባንዱም ይሞቃል፤ 118 ብሎ የጀመረው 123 ላይ ይጨርስ ይሆናል። እንዲህ ያለውን ዘፈን ከቴክ ሃውስ ጋር የሚያገናኝ ሰው ጣቱን ከእጀታው ላይ ሳያነሣ፣ ጆሮውንም ከኪኩ ሳይለይ መጠበቅ አለበት።

ከዚህ ላይ ስለ ቴምፖ የሚጽፍ ኢትዮጵያዊ የማሕሌትን ሥርዐት ሳያነሣ ሊያልፍ አይገባውም፤ ይህንም የምለው ቅዱሱን ከዓለማዊው ጋር ለማደባለቅ ሳይሆን፣ ፍጥነትን በመዓርግ ከፍ እያደረጉ ብዙ ሕዝብን በአንድ መንፈስ የመምራት ዕውቀት ባገራችን ስንት ዘመን እንደኖረ ለማሳሰብ ነው። ሊቃውንቱ ዜማውን በመጀመሪያ በቁም ይሉታል፤ በዚህ ጊዜ ድምፅ እንጂ ከበሮ የለም። ቀጥሎ በዝማሜ መቋሚያው ከሰውነት ጋር ወደ ግራና ወደ ቀኝ እየተመላለሰ ምቱን ለዐይን ያሳያል። በመረግድ ከበሮውና ጸናጽሉ ገብተው በዝግታ ይረግጡታል፤ በጽፋት የከበሮው ምት ይደጋገማል፣ እጅም ያጨበጭባል። አንድ የዜማ ቃል በእነዚህ መዓርጋት ሁሉ ሲያልፍ ቃሉ ያው ነው፤ የሚለወጠው ዕርምጃው ነው። ከአንዱ መዓርግ ወደ ሌላው የሚደረገው ሽግግር በድንገት የሚወድቅ አይደለም፤ ከበሮ መቺው ዐይኑን ከመሪው ላይ፣ መሪው ጆሮውን ከማኅበሩ ላይ ሳያነሣ፣ ሁሉም የሚሸጋገርበትን ነጥብ አስቀድሞ ያውቀዋል። በጎንደር በዓታ የአቋቋም ትምህርት ቤት ለዓመታት የሚጠናው ይኸው ነው፤ ጥናቱም በቃልና በአካል እንጂ በመኪና አይደለም። ስለዚህ ወጣቱ ዲጄ፣ ሌሊቱን በ122 ጀምሮ በ128 ለመፈጸም፣ ጨፋሪው ሳያውቀው ቴምፖውን በየትራኩ አንዳንድ ምት ብቻ ከፍ ሲያደርግ፣ የሚሠራው ሥራ ለኢትዮጵያዊ ጆሮ እንግዳ አይደለም።

አሁን ወደ ኪ እንሸጋገር፤ ሽግግሩም ከሚገመተው በላይ ቅርብ ነው። የሽማግሌው መዶሻ በደቂቃ 112 ጊዜ ያርፋል፤ በእያንዳንዱ ምት የሚንቀጠቀጠው ቆርቆሮ ግን በሰከንድ በመቶዎች ጊዜ ይርገበገባል፤ የመጀመሪያውን ቍጥር ጆሮ በምትነት ሲቀበለው፣ ሁለተኛውን በድምፅ ከፍታነት ይቀበለዋል። ዝግ ያለው ቍጥር ቴምፖ ይባላል፤ ፈጣኑ ቍጥር ኖታ ይባላል፤ በመካከላቸው ያለው ልዩነት የፍጥነት እንጂ የባሕርይ አይደለም። ሸክላ ማጫወቻው ሲፈጥን ዘፈኑ የሚቀጥነው ስለዚህ ነው፤ አንዱን ቍጥር ስታበዛ ሌላውም አብሮ ይበዛልና። ፍጥነቱ 6 በመቶ ያህል ሲጨምር ድምፁ በግማሽ ድምፅ ከፍ ይላል፤ 124 የነበረውን ትራክ 126 ለማድረግ እንኳ ድምፁ ከግማሽ ድምፅ ሩብ በሚበልጥ መጠን ይነሣል፤ ይህም ለሠለጠነ ጆሮ የሚሰማ ነው። በዛሬዎቹ ማጫወቻዎች ላይ ማስተር ቴምፖ የሚባለው ቁልፍ የተሠራው ይህን ጥንታዊ ትስስር ለመፍታት፣ ማለትም ምቱ ሲፈጥን ኖታው በቦታው እንዲቈይ ለማድረግ ነው።

ኪ ማለት አንድ ዘፈን ቤቱ አድርጎ የሚነሣበትና የሚመለስበት ኖታ፣ ከቤተሰቡ ጋር ነው። በምዕራባውያኑ ሥርዐት 12 ሜጀርና 12 ማይነር፣ በድምሩ 24 ኪዎች አሉ። ዲጄ ሁሉ የሙዚቃ ትምህርት ቤት የገባ ስላልሆነ ማርክ ዴቪስ የተባለ ሰው እነዚህን 24 ኪዎች በካሜሎት መንኰራኵር ላይ እንደ ሰዓት ቍጥር ደረደራቸው፤ ማይነሮቹ ኤ የሚል ፊደል፣ ሜጀሮቹ ቢ የሚል ፊደል ይዘው ከ1 እስከ 12 ይዞራሉ። ኤ ማይነር 8ኤ ነው፤ ሲ ሜጀር 8ቢ ነው። ሕጉ አጭር ነው፤ ከ8ኤ ወደ ጎረቤቶቹ ወደ 7ኤና ወደ 9ኤ፣ ወይም በቍጥር ወደሚተካከለው ወደ 8ቢ ብትሄድ አትጣላም። ከ8ኤ ወደ 3ኤ፣ ማለትም ከኤ ማይነር ወደ ቢ ፍላት ማይነር መዝለል ግማሽ ድምፅ መውጣት ነው፤ አዳራሹን ድንገት ለማንቃት የሚፈልግ ዲጄ ያደርገዋል፤ ነገር ግን በቅጽበት ቈርጦ እንጂ ሁለቱን ለአንድ ደቂቃ አደራርቦ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው ሚክስድ ኢን ኪ የተባለው ፕሮግራም ይህን ቍጥር በየዘፈኑ ላይ ጽፎ ስለሚሰጥ፣ የካሜሎት ቋንቋ በጥቂት ዓመት ውስጥ የብዙ ዲጄዎች ቋንቋ ሆነ።

የመንኰራኵሩ ምሥጢር ግን በቍጥሩ ላይ ሳይሆን በዕርምጃው ላይ ነው። ከአንዱ ቤት ወደሚቀጥለው የሚያሻግረው ዕርምጃ ሙዚቀኞች ፍጹም አምስተኛ የሚሉት ሲሆን፣ ይህም ከሁለቱ ድምፆች አንዱ ሁለት ጊዜ ሲርገበገብ ሌላው ሦስት ጊዜ የሚርገበገብበት ተዛምዶ ነው። ሦስት በሁለት ላይ። የጥንት ግሪኮች ፒታጎራስ በአንጥረኞች ደጃፍ ሲያልፍ የመዶሻዎቹን ክብደት መዝኖ ይህን ተዛምዶ አገኘ ብለው ይተርኩ ነበር፤ ትረካው በሥነ ፍጥረት ምርመራ አይጸናም፣ የመዶሻ ክብደት ድምፁን እንደዚያ አይገዛውምና፤ በክር ርዝመት ላይ ግን ተዛምዶው እውነት ነው፤ የክራራችንም ክር ይመሰክረዋል።

የዲጄው ስፒከር ተጠግኖ ተራው ሲደርስ ይህ ሁሉ በዐይን ታየ። ጠጋኙ አዲሱን ወረቀት አጣብቆ፣ ዳር ዳሩን በጣቱ እየዳሰሰ አድርቆ፣ ሽቦውን ከቆየ አምፕሊፋየር ጋር አገናኘው። ዲጄው ከስልኩ ላይ በመጀመሪያ አንድ ባለ 8ኤ ትራክ አጫወተ፤ ቤዙ በኤ ኖታ፣ በ55 ኸርዝ፣ ማለትም በሰከንድ 55 ጊዜ እየተርገበገበ፣ ይጓዛል። በላዩ ላይ ቤዙ ቢ ፍላት የሆነ፣ 58 ኸርዝ ገደማ የሚጓዝ ትራክ ጨመረበት። ወዲያው የስፒከሩ ወረቀት በሰከንድ ከሦስት ጊዜ በላይ ማበጥና መሙሸሽ ጀመረ፤ የሽማግሌውና የተማሪው መዶሻ በ30 ሰከንድ አንድ ጊዜ ያደረጉትን መገናኘትና መለያየት፣ ሁለቱ ቤዞች በአንድ ሰከንድ ውስጥ ሦስት ጊዜ ደገሙት። ከዚያ ሁለተኛውን አጥፍቶ፣ ቤዙ በ82 ኸርዝ ገደማ የሚጓዝ የ9ኤ ትራክ አስገባ፤ 55ና 82 ሁለትና ሦስት ናቸው፤ ወረቀቱም ያለ ሁከት ተንቀሳቀሰ። ሽማግሌው ዘወር ብለው፣ «አሁን ተስማማ» አሉ። እንደዚያም ሆኖ ጥንቁቅ ዲጄ ሁለት ቤዝ ለረጅም ጊዜ አብሮ አያጫውትም፤ በሚክሰሩ ላይ የአንዱን ቤዝ ሲያነሣ በዚያው ምት ላይ የሌላውን ይቀንሳል።

አንድ ነገር እዚህ ላይ መጨመር ይገባል። ቴክ ሃውስ ከበሮ የበዛበት፣ ዜማ ያነሰበት ሙዚቃ ነው፤ ብዙው ትራክ ኪክ፣ ሃይሃት፣ ጭብጨባ፣ አንድ ኖታ ላይ የሚመላለስ ቤዝና የተቈረጠ የሰው ድምፅ ብቻ ነው። ፕሮግራሙ ለእንዲህ ያለው ትራክ ቍጥር ይሰጠዋል፤ ቍጥሩ ግን ብዙ ጊዜ ግምት ነው። ከበሮ ብቻ የሆነውን ክፍል ከማናቸውም ኪ ጋር ማገናኘት ይቻላል፤ ስለ ኪ መጨነቅ የሚገባው ቤዝ በቤዝ፣ ዜማ በዜማ ላይ ሲመጣ ነው።

የከበደው ጥያቄ የሚመጣው የራሳችንን ዘፈን ስናስገባ ነው። የመንኰራኵሩ 24 ቤቶች የተሠሩት ሰባት ኖታ ላላቸው ስኬሎች ሲሆን፣ የእኛ ቅኝቶች፣ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ፣ በአምስት ኖታ የቆሙ ናቸው። ፕሮግራሙ የትዝታን ዘፈን ሲሰማ የጎደሉትን ሁለት ኖታዎች በራሱ ሞልቶ ሜጀር ወይም ማይነር ብሎ ይሰይመዋል፤ አሰያየሙም አንዳንድ ጊዜ ይረዳል፣ አንዳንድ ጊዜ ፈጽሞ ያሳስታል። ምሳሌውን በኖታ እንየው። ትዝታ ሜጀር ከሲ ሲነሣ ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ፣ ኤ ነው። ባቲ ማይነር ከኤ ሲነሣ ኤ፣ ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ ነው። አምስቱ ኖታዎች አንድ ናቸው፤ የተለወጠው ቤቱ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ሁለቱን ዘፈኖች ማደራረብ እንደ 8ኤና እንደ 8ቢ ሰላም ነው። እንዲሁም ትዝታ ማይነር ከሲ ሲነሣ ሲ፣ ዲ፣ ኢ ፍላት፣ ጂ፣ ኤ ፍላት ሲሆን፣ አምባሰል ከጂ ሲነሣ ያንኑ አምስት ኖታ ይዞ ይገኛል። ይህን ዝምድና የሚያውቅ ዲጄ ከትዝታ ወደ አምባሰል ሲሻገር አንድ ኖታ እንኳ አይጣላበትም።

ነገር ግን ትዝታ ሜጀርና አምባሰል ሁለቱም ከሲ ቢነሡ፣ የሚስማሙት በሲና በጂ ብቻ ነው፤ በቀሩት በሦስቱ፣ ዲ በዲ ፍላት ላይ፣ ኢ በኤፍ ላይ፣ ኤ በኤ ፍላት ላይ፣ ግማሽ ድምፅ እየተራራቁ ይፋጫሉ። መነሻቸው አንድ መሆኑን ብቻ አይቶ ያገናኛቸው ሰው የሰማውን ሁከት ከምን እንደመጣ አያውቀውም። አንቺሆዬ ደግሞ ከሁሉ የተለየ ነው፤ ከሲ ሲነሣ ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ ፍላት፣ ኤ ስለሆነ፣ ትዝታም ባቲም አምባሰልም ያላቸው ፍጹም አምስተኛ ከመነሻው ላይ የለውም። መንኰራኵሩ የሚዞረው በዚያው በአምስተኛው ነውና፣ ለአንቺሆዬ የሚሆን ቤት በውስጡ ከቶ የለም። አንቺሆዬን ከቴክ ሃውስ ጋር ለማገናኘት የሚሻ ሰው ቤዙን በመነሻው ኖታ ላይ ብቻ አቁሞ፣ የቀረውን ለከበሮ ቢተው ይሻለዋል። በዚህም ላይ ማሲንቆ መቺና ክራር ደርዳሪ ክሩን የሚቃኘው በጆሮው እንጂ በፒያኖ ልክ አይደለም፤ የቆየ ካሴት ደግሞ በተቀዳበትና በተባዛበት ቴፕ ፍጥነት ልክ ከፍ ወይም ዝቅ ብሎ ይገኛል፤ እንዲህ ያለ ዘፈን በሁለት ኪዎች መካከል ሊወድቅ ይችላል፤ እጀታውን ጥቂት ነክቶ ወደ ቤቱ ማስገባት የዲጄው ድርሻ ነው።

ያገራችን ዘፈን ምትም የራሱ ጠባይ አለው። ችክችካ የሚባለው ምት ስድስት ትንንሽ ምቶች አሉት፤ ስድስቱ ሦስት ሦስት ሆነው ሲከፈሉ ሁለት ታላላቅ ምት ይሆናሉ፣ ሁለት ሁለት ሆነው ሲከፈሉ ሦስት ይሆናሉ። እነሆ ያው ሦስት በሁለት ላይ፤ በድምፅ ከፍታ ፍጹም አምስተኛን የሚሠራው ተዛምዶ፣ በምት ዝግታ ትከሻን የሚያንቀጠቅጥ ሆኖ ይገኛል። ሁለቱን ታላላቅ ምቶች በሁለት ኪክ ላይ ያሳረፈ ዲጄ አራት ኪክ ባለው አንድ ባር ላይ ሁለት ዙር ችክችካ ያገኛል። የሚጋጨው ሃይሃቱ ነው፤ የቴክ ሃውስ ሃይሃት ኪኩን ለሁለት ወይም ለአራት ሲከፍለው፣ ችክችካ ለሦስት ይከፍለዋልና። መፍትሔውም ቀላል ነው፤ ችክችካው በሚገባበት ምዕራፍ የቴክ ሃውሱን ቀጭን ድምፅ በሚክሰሩ ዝቅ አድርጎ፣ ኪኩና ቤዙ ብቻ እንዲሸከሙት ማድረግ።

ይህ ሁሉ ሕልም ብቻ እንዳይመስል የተሠራውን ሥራ ማስታወስ ይገባል። በደብረ ብርሃን የተወለደውና የዋልያስ ባንድ ኪቦርድ ተጫዋች የነበረው ኃይሉ መርጊያ፣ ባንዱ እ.ኤ.አ. በ1981 ወደ አሜሪካ ከተጓዘ በኋላ በዚያው ቀርቶ፣ በ1985 በዋሽንግተን አኮርዲዮኑን ከኤሌክትሪክ ፒያኖ፣ ከሙግ ሲንተሳይዘርና ከድራም ማሽን ጋር አስማምቶ «ሸሞንሟናዬ» የተባለውን ካሴት ቀረጸ። ብራያን ሺምኮቪትዝ የተባለው አሜሪካዊ ካሴቱን በባሕር ዳር አግኝቶ በ2013 አውሰም ቴፕስ ፍሮም አፍሪካ በተባለው አሳታሚው ዳግመኛ አወጣው። ያ ሥራ ለእኛ ጉዳይ የሚጠቅመው በዚህ ነው፤ የድራም ማሽን ምት ስለማይሞቅና ስለማይቀዘቅዝ፣ ያገራችን ዜማ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በአንድ ቍጥር ሲጓዝ እዚያ ይሰማል። ኢትዮጵያን ሬከርድስ በሚል ስም የሚሠራው እንደገና ሙሉና ሚካኤል ሰይፉ ከ2014 ጀምሮ 1432 አር በተባለው የዋሽንግተን አሳታሚ አማካይነት ባወጧቸው ሥራዎች፣ ሚካኤልም በ2016 ባወጣው «ዘላለም»፣ የኢትዮጵያን ድምፅ በኮምፒዩተር ውስጥ እንደ ጌጥ ሳይሆን እንደ መሠረት አስቀመጡት። ሮፍናን ደግሞ በ2010 ዓ.ም. ባወጣው «ነጸብራቅ» ኤሌክትሮኒክ ሙዚቃን ከአማርኛ ዘፈን ጋር ለብዙ ሕዝብ ጆሮ አደረሰ።

የቀረው ሥራ የዲጄዎች ነው፤ ሥራውም መዝግቦ ማስቀመጥ ነው። በ16ኛው መቶ ዓመት በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የቅዱስ ያሬድን ዜማ በምልክት ለይተው በብራና ላይ ባያስቀምጡት ኖሮ፣ ዜማው ከደቀ መዛሙርቱ ዘንድ በቃል ብቻ በቀረ ነበር። ዛሬ በብዙ የዲጄ ፕሮግራም ውስጥ ከካሜሎቱ ቍጥር ጎን አስተያየት የሚጻፍበት ባዶ ቦታ አለ። ያገራችንን ዘፈን የምታጫውቱ ሁሉ በዚያ ባዶ ቦታ ላይ ቅኝቱንና መነሻ ኖታውን ጻፉበት፤ ትዝታ ማይነር ከሲ፣ አምባሰል ከጂ፣ አንቺሆዬ ከኤፍ እያላችሁ። የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ተማሪዎችም ጆሯችሁን ለእነዚህ ዲጄዎች አውሱ፤ አንድ ዘፈን ሰምቶ ቅኝቱን መለየት ለእናንተ የደቂቃ ሥራ ነው። የጻፋችሁትንም ለሌላው ዲጄ ስጡት፤ ፕሮግራም ሠሪዎቹ የእኛን ቅኝት እስኪማሩ ድረስ መዝገቡን መያዝ ያለብን እኛ ነን።